«ልጅዎን ለሥነ ልቡና ባለሙያ ያሳዩ» ሲባሉ



ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የዚህን ወር ቦታ የያዘው ከአንዲት እናት የተላከው ነው። ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ነው። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ከውጤት ካርዱ ጋር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዞ ገባ፤ «ልጅዎን ለሥነ ልቡና ባለሙያ ያሳዩ» ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። አባት «ልጄ አላበደም!» ብለው ከትምህርት ቤት አስወጥተው ሱቅ ሊያስቀምጡት አስበዋል። አያት «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ። እናት ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማ ወረቀቷን ከልብስ መካከል ሸሽገዋታል። ነገሩን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው፣ ይላሉ እናት፣ ይኸው ልጅ መድረሳ ሲሄድ ከሱረቱ አን-ናስ ጀምሮ እስከ ሱረቱ አል-ሙጠፊፊን ድረስ በቃሉ ይዟል፤ ኡስታዙም ያመሰግኑታል። አማርኛ መጽሐፍ ሲሰጠው ግን አንድ መስመር አይዘልቅም። «ታዲያ ልጄ ምን ሆኖ ነው?»

እንዲህ ዓይነት ወረቀት የሚደርሳቸው ቤተሰቦች ጥቂቶች ስላልሆኑ መልሱን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ከስሙ እንነሣ። ብዙዎቻችን የሥነ ልቡና ባለሙያ ሲባል የአእምሮ ሐኪም ይመስለናል። ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የአእምሮ ሐኪም ሕክምና ተምሮ መድኃኒት የሚያዝ ዶክተር ነው። በትምህርት ቤት የሚሠራው የሥነ ልቡና ባለሙያ ግን መድኃኒት አያዝም፤ መርፌ አይወጋም፤ ሆስፒታልም አያስተኛም። የሚመረምረው የልጁን አማማር ነው። አንድ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ አንድ መምህር እያስተማረው፣ እኩዮቹ የያዙትን ሳይዝ ሲቀር ምክንያቱ ምን እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም ለመምህሩና ለወላጁ «እንዲህ አድርጉለት» ብሎ ማሳየት ሥራው ነው።

ሙያው ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት፣ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ ፈጽሞ ያቃተውን ተማሪዋን ይዛ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ወደ ነበረው ላይትነር ዊትመር ዘንድ ሄደች። ዊትመር ልጁን መርምሮ የመጀመሪያ ግኝቱ የዐይን ችግር ሆነ። መነጽር ታዘዘለት፤ መነጽሩ ብቻውን ስላልበቃ ለብቻው ትምህርት ታከለለት፤ ልጁም ተሻሻለ። በዚያው ዓመት ዊትመር በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለልጆች የመጀመሪያ የሆነውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ ከፈተ። «የትምህርት ቤት የሥነ ልቡና ባለሙያ» በሚል የሥራ መጠሪያ የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 በኮኔቲከት ግዛት ሥራ የጀመረው አርኖልድ ጌሴል ነው። እንግዲህ ሙያውን ያስጀመረችው የተማሪዋን መውደቅ ስንፍና ብላ ያላለፈች አንዲት መምህርት ናት።

ስንፍና የምትለዋ ቃል በእኛም ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ትሸፍናለች። ልጁ የማይችለውን ነገር አለመፈለጉ ይመስለናል። ከዚህ ቃል በስተጀርባ ተደብቀው ከሚገኙት ነገሮች ጥቂቱን ላንሣ።

አንዱ ጆሮ ነው። በልጅነቱ ጆሮው ደጋግሞ የመገለበት ልጅ፣ ጉንፋን በያዘው ሳምንት የሚሰማው ግማሹን ሊሆን ይችላል፤ ሲሻለው ደግሞ ይሰማል። መምህሩ «ትናንት ሰምቶ ዛሬ የማይሰማው ሲፈልግ ነው» ይላል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ ቀጭኑን የሚያጣ ልጅ ነው። በሩ ሲንኳኳ ዞሮ ያያል፤ ስሙን ሲጠሩት ይመጣል፤ እንደ ሲን፣ ፋና ሣ ያሉት በትንፋሽ ብቻ የሚወጡ ስስ ድምፆች ግን ያመልጡታል። ይህን ከማንም አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው የመድረሳ ኡስታዝ ነው። ምክንያቱም በመድረሳ እያንዳንዱ ሐርፍ ከመውጫው እንዲወጣ ልጁ ለብቻው ቀርቦ ይደመጣል። ስልሳ ልጆች በአንድ ድምፅ በሚመልሱበት የመደበኛ ትምህርት ክፍል ግን የአንዱ ስሕተት አይሰማም። ሣን ሁልጊዜ ሌላ የሚያደርጋትን ልጅ ኡስታዙ ምላሱን ከማረሙ በፊት ጆሮውን ያስመርምረው።

ዐይንም እንዲሁ ነው። ባ፣ ታ እና ሣ በአካላቸው አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በነጥብ ነው። የአማርኛው ፊደል ደግሞ ካዕቡና ሣልሱ የሚለዩት በትንሽ ቅጥል ነው፤ ሉ እና ሊን አስተያዩአቸው። ከሰሌዳው ርቆ የተቀመጠና ዐይኑ የደከመ ልጅ ነጥቡንም ቅጥሉንም አያየውም። አያየውም እንጂ አለማየቱን አያውቅም፤ ዓለም ለሁሉም ሰው እንደዚያው የደበዘዘች ይመስለዋልና «አይታየኝም» ብሎ አይናገርም።

ሦስተኛው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ነው። የሚጥል በሽታ ሁሉ አይጥልም። ልጅቱ እያነበበች በመሐል ቀጥ ትላለች፤ ዐይኗ ይፈዛል፤ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ሰከንድ ከቆየች በኋላ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች። አልወደቀችም፤ አረፋ አልደፈቀችም። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ከትምህርቱ እዚህም እዚያም እየተቆረጠ የሚደርሳት ልጅ ሒሳቡን ከየት ታምጣው? «ልቧ ሌላ ቦታ ነው» ይባላል፤ ቤት ውስጥም «ጂን ነካት» የሚል አይጠፋም። ስትፈዝ ስሟን ጠርቶ ወይም ትከሻዋን ነክቶ ማየት አንድ መለያ ነው፤ በሐሳብ የሄደ ልጅ ሲነካ ይነቃል፤ ይህ ሕመም ያለባት ልጅ ግን ጊዜው እስኪያልፍ አትመለስም። እንዲህ ያለውን ያየ የሥነ ልቡና ባለሙያ ራሱ አያክምም፤ ወደ ሐኪም ይልካል። መድኃኒት ያለው ሕመም ነው።

አራተኛው የደብዳቤውን ልጅ ሁኔታ ይመስላል። ይመስላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም፤ በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ ችግር አለ። ልጁ ይሰማል፤ ያያል፤ ነገር ይገባዋል፤ ቀልድ ያውቃል፤ መልእክት ቢልኩት አሳምሮ ያደርሳል። ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት ላይ ግን አእምሮው ይዘገይበታል። ችግሩ በዓለም ሁሉ በየቋንቋው ይገኛል፤ በቤተሰብም ይተላለፋል። (አባትየውም በልጅነታቸው ንባብ እንዴት ነበሩ? ብለው በቀስታ ይጠይቋቸው። መልሱ ለባለሙያው ይጠቅመዋል።)

በእኛ አገር ይህ ችግር እስከ ሦስተኛ ክፍል ተሸፍኖ የሚዘልቅበት መንገድ አለ። ፊደል የምናስተምረው በዜማ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ልጁ ግን ሀ ሁ ሂ እያለ ከላይ እስከ ታች ሊወርደው ይችላል፤ የያዘው በጆሮው ነውና። ጣቱን ከመሐል «ሚ» ላይ አድርገው «ይቺ ማን ናት?» ቢሉት ግን ከ«መ» ጀምሮ ቆጥሮ ካልደረሰባት በቀር አያውቃትም። መድረሳም ላይ እንዲሁ ነው። ጁዝእ ዐመን በቃሉ የያዘ ልጅ፣ ሙስሐፉ ፊቱ ተዘርግቶ ሲቀራ የሚያነብ ይመስላል። ያልሐፈዘውን ገጽ ሲገልጡለት ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ሱራዎቹን በቃሉ መያዙ ልጁ ማስታወስ እንደሚችልና አእምሮው ጤነኛ እንደሆነ ትልቅ ምስክር ነው፤ ማንበብ መቻሉን ግን አያረጋግጥም። የእናትየው ግራ መጋባት የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መድረሳው የጆሮውን ብርታት አይቶ አመሰገነ፤ ትምህርት ቤቱ የንባቡን ድካም አይቶ ወረቀት ጻፈ። ሁለቱም እውነት ናቸው። የሥነ ልቡና ባለሙያው ሥራ እነዚህን ሁለት እውነቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማምጣት ነው።

ጥሩ ባለሙያ እንዴት እንደሚሠራ ወላጅ ማወቅ አለበት፤ ጥሩውን ከደካማው የሚለየው በዚህ ነውና። ልጁን አስቀምጦ ወረቀትና እርሳስ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ይጠይቃል። እርግዝናው እንዴት ነበር? ሲወለድ ቶሎ አለቀሰ ወይ? መቼ ሄደ? መቼ ተናገረ? ትኩሳት ይዞት ራሱን ስቶ ያውቃል ወይ? ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ማን ጋር ይጫወታል? ከዚያ ክፍሉ ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ ያየዋል፤ መምህሩን ያነጋግራል፤ ደብተሮቹን ያገላብጣል። ፈተና የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁን በግማሽ ሰዓት አንድ ፈተና ፈትኖ «አእምሮው ዝግ ነው» ብሎ ከሚያሰናብት ሰው ወላጅ ሁለተኛ አስተያየት ሳይጠይቅ አይመለስ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን የታወቀ የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው፣ በመደበኛው ትምህርት የማይጠቀሙና እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ልጆች እንዲለዩ የትምህርት ሚኒስቴሩ ጉዳዩን ካነሣ በኋላ ነው። ቢኔ ራሱ የልጅ አእምሮ ተለክቶ የተቆረጠ፣ ከዚያ የማያልፍ ነው የሚሉትን ሰዎች ይቃወም ነበር። መለኪያው ባሕር ተሻግሮ በሌሎች እጅ ሲገባ ግን ልጆችን ለማግለያ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ አንድ ክስ ቀረበ። በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ዘጠኝ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዘገምተኞች ተብለው ለብቻቸው በተለየ ክፍል ገብተው ነበር። በሚያውቁት ቋንቋ እንደ ገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ እዚያ ክፍል መግባት የማይገባቸው ሆነው ተገኙ። ጉዳዩ በስምምነት ተቋጭቶ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይመርመሩ ተባለ።

ይህ ታሪክ ለእኛ አገር ይበልጥ ይሠራል። አፋርኛ፣ ስልጢኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ ሲሰማ ያደገ ልጅ በአማርኛ ወይም ከውጭ በመጣ የእንግሊዝኛ ፈተና ሲመዘን የሚለካው አእምሮው ነው ወይስ ቋንቋው? በረዶና ባቡር ሥዕል አሳይቶ «ምን ጎደለ?» ማለት በረዶም ባቡርም አይቶ ለማያውቅ ልጅ ፈተና አይሆንም። «ፈተናው በምን ቋንቋ ነው? ለየትኛው አገር ልጆች የተዘጋጀ ነው? ከእርሱስ ሌላ ምን አያችሁ?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰውም በዚህ አይቀየምም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ከምርመራው ይበልጣል፤ እኔም እንደ መምህርነቴ የምመዝነው በዚህ ነው። ስም ብቻ ሰጥቶ የሚሄድ ባለሙያ ለወላጅ አዲስ ሐዘን እንጂ ሌላ አላመጣም። ሥራውን የሚሠራው ግን ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ እቅድ ያወጣል። ጆሮው የደከመው ልጅ ከፊት፣ የሚሻለው ጆሮ ወደ መምህሩ ዞሮ ይቀመጥ፤ መምህሩም ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ጀርባውን ሰጥቶ አይናገር። ማንበብ የሚከብደው ልጅ የኅብረተሰብ ትምህርት ፈተናውን በቃል ይጠየቅ፤ ያወቀው ታሪክ በንባብ ድካሙ ምክንያት ዜሮ አይሁንበት። በክፍሉ ፊት ድንገት ቆሞ እንዲያነብ አይደረግ። ንባቡን ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ለብቻው፣ ፊደሎቹን ከተራቸው አፋልሶ፣ ድምፅ በድምፅ ይማር። እነዚህ ገንዘብ የሚጠይቁ ነገሮች አይደሉም። በሁለት ወይም በሦስት ወር ደግሞ ተገናኝቶ የሠራውንና ያልሠራውን ማየት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ደደብ» የተባለ ልጅ ማንበብ ብቻ አይደለም የጎደለው። ጧት ጧት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እሑድ ግን አያመውም። ደብተሩ ይጠፋል። በእረፍት ሰዓት ይደባደባል፤ ምክንያቱም ሰነፍ ከመባል ረባሽ መባል ይሻለዋል። ይህን ቁስል መንካት የሥነ ልቡና ባለሙያው የሠለጠነበት ነው፤ ልጁ በሚችለው ነገር ላይ ያቆመዋል። ለደብዳቤው ልጅ የሚችለው ነገር ታውቋል፤ አላህ (ሱ.ወ.) ቃሉን በልቡ አስይዞታል። ትምህርት ቤቱ ይህን አያውቅም። ማን ይንገራቸው?

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንምጣ። በአብዛኛው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚህ ስም የሚጠራ ሠራተኛ የለም። በሁለተኛ ደረጃ የምክር አገልግሎት ሰጪ መምህር የሚገኝበት ቦታ አለ፤ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችና ማዕከላትም ባለሙያ ይቀጥራሉ። በወረቀት ላይ ያለው መንገድ ግን ረዥም ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆችን አንሥቷል። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994፣ የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔን ሳላማንካ ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ ተስማሙ። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ስለ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ስትራቴጂው ተሻሽሎ፣ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት እንዲቋቋሙና ተዘዋዋሪ መምህራን በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እንዲያግዙ ተባለ። ስለዚህ ትምህርት ቤትዎ የሥነ ልቡና ባለሙያ ከሌለው «የልዩ ፍላጎት መምህር አለ ወይ? ድጋፍ መስጫ ማዕከሉ የትኛው ትምህርት ቤት ነው?» ብለው ርእሰ መምህሩን ይጠይቁ፤ መልስ ካጡ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ስልሳ ልጅ የያዘ መምህር ምርመራ እንዲያካሂድ መጠበቅ ግፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ያንን ወረቀት የጻፈው መምህር ከስልሳው መካከል ልጅዎን አይቶታል። ከመቆጣት ይልቅ ቢያመሰግኑት ይገባዋል።

ወላጅ ምን ያህል መንገድ ሊከፍት እንደሚችል ለማየት የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስለነዚህ ልጆች በየመድረኩ ተናገሩ። በየጓዳው ተደብቀው የነበሩ ልጆች ወደ አደባባይ መውጣት የጀመሩት እንዲህ ባሉ እናቶች ድፍረት ነው።

ይህ መጽሔት በሰው እጅ ተልኮላቸው የሚያነቡት በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሁኔታቸው የተለየ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ልጁ ከመመርመሩ በፊት የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ይጠየቃል፤ ውሳኔው በአንድ ፈተና ብቻ አይሰጥም፤ ለልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ተጽፎ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ወላጅ ቋንቋው ካልገባው ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ልጁን ራሱን ወይም ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አድርጎ መቀመጥ አይገባም። ልጅ ስለ ራሱ የተባለውን ክፉ ነገር ለእናቱ አይተረጉምም።

አሁን ስለ ዓይንና ስለ ሩቅያ። ዓይን እውነት መሆኑን ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል፤ አያትየውን የሚነቅፋቸው የለም። ይቅሩለት፤ ዱዓ ያድርጉለት። ነገር ግን ታከሙ ያሉንም እርሳቸው ናቸው። ሩቅያው ጧትና ማታ ሲደረግ የጆሮው ምርመራ በቀን ሊደረግ ይችላል፤ አንዱ የሌላውን ሰዓት አይሻማም። የማይፈቀደው ልጅን በጠንቋይ ደጅ ማንከራተትና «ጂኑ ይውጣ» እያሉ መግረፍ ነው።

ወረቀቷን መደበቅስ? የቤትን ምሥጢር መሸፈን ከዲናችን ነው። ይሁንና ለሚረዳ ሰው ችግርን መግለጽ ምሥጢር ማውጣት አይደለም። ኢማም አን-ነወዊይ ሐሜት ከሚከለከልበት ሕግ የሚወጡ ስድስት ሁኔታዎችን ሲዘረዝሩ ፈትዋ መጠየቅንና ክፉን ለማስወገድ እርዳታ መሻትን ቆጥረዋል። የሰው ነውር እንኳ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ መነሣቱ ከተፈቀደ፣ ነውር ያልሆነው የልጅ ችግር ለባለሙያ ቢነገር ምን ኃጢአት አለበት? ባለሙያውም የሰማውን እንዲይዝ የሙያው ሥነ ምግባር ያስገድደዋል፤ ለጎረቤት ቀርቶ ለመምህሩም የሚነግረው ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው።

ለኡስታዞቻችን የቀረችኝ አንዲት ነገር አለች፤ እኔም መድረሳ ተቀምጬ ያደግሁ ስለሆንሁ በአደብ አነሣታለሁ። ቁርአንን አሳምሮ የሚቀራ ከተከበሩት መላእክት ጋር እንደሆነ፣ እየከበደውና እየተንተባተበ የሚቀራው ደግሞ ሁለት ምንዳ እንዳለው ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተምረናል። ታዲያ ሁለት ምንዳ የተጻፈለትን ልጅ ለምን አለንጋ እናቀምሰዋለን? የዐይነ ስውሩ ሰሐባ የዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ጉዳይም በየመድረሳው የሚተረክ ነው። ሊማር መጥቶ ሳለ፣ ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ንግግር ላይ በነበሩት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ፊት ስላላገኘ ሰማንያኛዋ ሱራ በእርሱ ምክንያት ወረደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አዘውትረን አንተርክም። በመዲና ከቢላል ጋር አዛን የሚያደርግ እርሱ ነበር፤ ነቢዩም ለዘመቻ ሲወጡ ከአንድ ጊዜ በላይ በመዲና ተክተውት ሄደዋል። ሰው አዘነለት ተብሎ የሚተረክለት ብቻ ሳይሆን ሥራ ተሰጥቶት ሥራውን የሠራ ሰው ነው።

አባት ልጁን ሱቅ ለማስቀመጥ ማሰባቸው ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ውርደቱን ሊያስቀሩለት ነው። ነገር ግን ሱቅም ዱቤ መዝገብ አለው፤ ዕቃው ላይ ጽሑፍ አለ፤ ስልኩም ጽሑፍ ነው። ንባቡ በዘጠኝ ዓመቱ ካልታየለት በሃያ ዓመቱ ከሰው ፊት ደብቆት ይኖራል። በዘጠኝ ዓመት ግን ገና ነው፤ አልሐምዱሊላህ አልረፈደም።

ስለዚህ እኅቴ፣ ወረቀቷን ከልብሱ መካከል ያውጧትና ቀጠሮ ያስይዙ። በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ጆሮውንና ዐይኑን ያሳዩ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ወደ ባለሙያው ሲሄዱ የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ደብተሮቹ ካሉ ሦስቱንም ይያዙ፤ ንጹሑን ገልብጠው ሳይሆን ስርዝ ድልዙ እንዳለ። የክትባት ካርዱን አይርሱ። ኡስታዙን ደግሞ ልጁ ምን ያህል እንደሐፈዘ፣ ያልሐፈዘውን ገጽ ሲገልጡለት ምን እንደሚያደርግ፣ የትኞቹን ሐርፎች እንደሚያሳስት በአንድ ገጽ እንዲጽፉልዎ ይለምኗቸው። ለልጁም «ሐኪም ሊወጋህ ነው» ሳይሆን «ማንበብ ለምን እንደከበደህ አብረን የሚያይልን ሰው ጋ ልንሄድ ነው» ይበሉት። ቀጠሮው ለጁሙዓ ከተሰጠ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ያስደርጉ፤ አባቱ ከሶላት ወጥተው መድረስ አለባቸው፤ የእርሳቸውም የልጅነት ንባብ መጠየቁ አይቀርምና።